በሰንበቴ መዝገብ ላይ የተመለሱት ስሞች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ሰዒዳ ጀይላን
ዕድሜ፦ 26
አድራሻ፦ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ ከሚሴ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ በእህል ዕርዳታ ጽሕፈት ቤት የኮምፒዩተር ሠራተኛ
ቀን፦ ጥቅምት 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት

ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ኃላፊዬ አቶ አብዱሰላም ቃሲም፣ ኮምፒዩተሩ ወደ ደሴ ስለሚዛወር የዕርዳታ ተቀባዮች መዝገብ በሙሉ ቴፕ ላይ እንዲገለበጥ አዘዙኝ። ኮምፒዩተሩ ዩኒክስ በተባለው አሠራር የሚሠራ ሲሆን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊሠራበት ይችላል። ትእዛዙን ብጽፍ የባቲንና የጨፋ ሮቢትን ፋይል ገልብጦ የሰንበቴ ከተማ ፋይል ላይ ሲደርስ ቆመ። "ፋይሉ በመነበብ ላይ ሳለ ተለውጧል" የሚል ቃል በእንግሊዝኛ አወጣ። ቴፑ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ቀየርኩ፤ የማንበቢያውን ራስም በአልኮል ጠረግሁ። ደግሜ ብሞክር እዚያው ቆመ። የፋይሉን መጠን ስመለከት ጨምሯል። ይህ የሚሆነው በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ሲጽፍበት ብቻ ነው።

ማን እየሠራ እንደሆነ ማሽኑን በትእዛዝ ብጠይቀው ሁለት ስም አወጣ፤ የእኔንና የፋጡሜ አደምን። ፋጡሜ የሥራ ባልደረባዬ ስትሆን በነሐሴ ወር በወባ ሞታ እኔው ራሴ ለቅሶዋ ላይ ነበርኩ። ጄኔሬተሩና ማሽኑ ማታ ማታ ስለሚጠፉ ስሟ ከቀድሞ የቀረ ነው ሊባል አይችልም፤ የገባችበት ሰዓትም የዚያኑ ዕለት ጠዋት 2፡40 ይላል። እሷ የምትሠራበት ስክሪንና መተየቢያ ያለው በውስጠኛው ክፍል ነው። ክፍሉ ከሞተች ወዲህ ተቆልፎ ቁልፉ በእኔ እጅ ይገኛል።

አቶ አብዱሰላምን ጠርቼ ከፈትን። ሰው የለም። ወንበሩ ላይ አቧራ ተኝቷል፤ ስክሪኑ ላይ ግን ፊደል በፊደል ስም ይጻፋል። አቶ አብዱሰላም "አዑዙ ቢላህ!" ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔም አልገባሁም። በሩን መልሼ ቆልፌ ፋይሉን በሌላ ስም ቀዳሁ፤ ቅጂው ላይ የሚጽፍ ስለሌለ ያለ እንከን ተገለበጠ።

ለማረጋገጥ ቴፑን መልሼ ባነበው መጨረሻው ላይ ዘጠኝ ስሞች ተጨምረዋል። አቶ አብዱሰላም ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። "እነዚህን በሐምሌ ሞተዋል ብዬ የሰረዝኳቸው እኔ ነኝ" አሉኝ። ያኔ የተሰረዙት አሥራ አንድ ሲሆኑ፣ ምክንያቱም በቆጠራው ቀን አለመገኘታቸው ነበር። ፋጡሜ "ቀብራቸውን ያየ ሰው ሳይመጣ አልሰርዝም" ብላ ስለተጣላቻቸው እሳቸው ራሳቸው ሰርዘዋል።

ቅዳሜ ሰንበቴ ሄድን። ከዘጠኙ አንዷ የሆኑትን ወይዘሮ ዘምዘምን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሞተዋል ተብለው እንደነበር ብነግራቸው፣ "ኧረ ልጄ፣ ባቲ ፍየል ልንሸጥ ሄደን ነው! ስንመለስ ካርዳችሁ ተሰርዟል አሉን። ሦስት ወር ቅጠል ቀቅለን በላን" አሉ። ዘጠኙንም በሕይወት አገኘናቸው። አቶ አብዱሰላም ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እህሉም በማግስቱ ተሰጥቷቸዋል።

መዝገቡን ያለ ፈቃድ የለወጥሽው አንቺ ነሽ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ አይደለሁም፤ ማን እንደጻፈውም አላውቅም። እኔ ብሆን አሥራ አንዱንም እጽፍ ነበር፤ ማን እንደሞተ አላውቅምና። ስማቸው ስላልተመለሰው ባልና ሚስት ወይዘሮ ዘምዘምን ስጠይቃቸው "እነሱንማ በመስከረም ረሃቡ ጨረሳቸው፤ አላህ ይዘንላቸው" ብለውኛል። ፋጡሜ የተቀበረችው በነሐሴ ነው።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ ሌላ አልጨመርኩም፤ እውነት ስለመሆኑ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሰዒዳ ጀይላን
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ዘይኑ ሙሀመድኑር