ጋቢ የለበሰው በርሜል

በወሎ ደጋ፣ በኅዳር ማለቂያ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ ባሏ የሞተባት ገበሬ ይመኙሻል እና ከአፋር በረሃ የፖታሽ ሥራ የመጣው ታናሽ ወንድሟ ሞላልኝ በድንች ማሳዋ ዳር፣ ጋቢ በተደረበበት በርሜል አጠገብ ቆመዋል።

ሞላልኝ፦ ማታ ትቼው ስገባ በርሜሉ አፉ ክፍት ነበር። ውሃው ከጠርዙ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ ከላዩ ምንም አልነበረም። አሁን ጋቢ ለብሶ፣ ዙሪያውን ጭድ ታቅፎ አገኘሁት። ማነው እንዲህ ያደረገው?

ይመኙሻል፦ ማን ይሆናል? እኔ ነኛ። ውርጩ እንኳን እሱን እኔንም በአልጋዬ ላይ ሊያደርቀኝ ነበር።

ሞላልኝ፦ እትዬ፣ ይሄ እኮ ጠላ አይደለም!

ይመኙሻል፦ ጠላ ነው መች አልኩ? ግን ሌሊት የሚሠራ ነገር ይሸፈናል። ሊጥም ይሸፈናል፣ ጠላም ይሸፈናል፣ አራስም ትሸፈናለች። በርሜል ብቻ ተለይቶ ራቁቱን ይደር?

ሞላልኝ፦ ራቁቱን ይደር! የሚሠራው ብርዱ ነው አላልኩሽም?

ይመኙሻል፦ ብለኸኛል። እኔ ግን ብርድ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ሲያፈርስ ነው የማውቀው። አምና ባቄላዬን በአንድ ሌሊት ጥቁር አድርጎ የጨረሰው ምን ሆነና?

ሞላልኝ፦ እስቲ እጅሽን ክተቺ።

ይመኙሻል፦ ...ለብ ብሏል።

ሞላልኝ፦ በዚህ ሰዓት ጣት የሚቆርጥ መሆን ነበረበት። ለዚህ ብዬ ነበር ይህችን ሌሊት የመረጥኩት።

ይመኙሻል፦ እንግዲህ ገልጬልሃለሁ፣ ይኸው። ጭዱንም በትኛለሁ። ፀሐይ እስክትወጣ ይቀዘቅዝ።

ሞላልኝ፦ ፀሐይዋ ከጋራው ጀርባ ደርሳለች።

ይመኙሻል፦ አቶ ዳምጠውም ደርሷል በለኝ። ሽማግሌ ይዞ በጠዋት እመጣለሁ ብሏል።

ሞላልኝ፦ አንድ ቀን ታገሠኝ በይዋ።

ይመኙሻል፦ ከመስቀል ጀምሮ ታገሠኝ ስለው ነው የከረምኩት። ሰውየው የባሕር ዛፍ ችግኙን አፍልቶ ጨርሷል። ማሳዬን ለዐሥር ዓመት ተከራይቶ ሊተክልበት ነው። ዐሥር ዓመት የቆየን ባሕር ዛፍ ደግሞ ማን ይነቅለዋል? እኔ ያኔ በዱላ የምሄድ አሮጊት ነኝ። «የወንድሜ መድኃኒት ካልሠራልኝ ውሰደው» አልኩት። በሽማግሌ ፊት ነው ያልኩት። ቀኑም ዛሬ ነው።

ሞላልኝ፦ መድኃኒት አላልኩትም እኮ።

ይመኙሻል፦ ጆንያውን ከመኪና ላይ ስታወርድ ምን አልክ? «ድንችሽ ያጣው ነገር እዚህ ውስጥ አለ» አላልክም? እኔ ያኔውኑ ልበትነው ስነሳ ነው እጄን የያዝከው። በትኜው ቢሆን እስካሁን ቅጠሉ መለስ ባለ ነበር።

ሞላልኝ፦ በትነሽው ቢሆን እስካሁን ማሳሽን በሬ ይልሰው ነበር። ገሚሱ የወጥ ጨው ነው፤ መራራ ጨውም አለበት። ፖታሹ በመሃል ተሰግስጎ ነው ያለው። አፈር ጨው ከበላ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ?

ይመኙሻል፦ አትንገረኝ። የምትነግረኝ ሁሉ ክፉ ነው። ይልቅ እናንተ እዚያ እንዴት ነው የምትለዩት? እዚያ ብርድ የለ፣ ውርጭ የለ።

ሞላልኝ፦ እዚያ ፀሐይ ናት የምትሠራው። ቦታው ከባሕር ወለል በታች ነው። ጥንት ባሕር ገብቶበት ደርቋል፤ ጨዉን እንደ ፍራሽ ደራርቦ ትቶት ሄደ። ፖታሽ ያለበት ንጣፍ ከታች ነው። ሰው ገብቶ አይቆፍረውም። ጉድጓድ ይበሳል፣ ውሃ በቧንቧ ይወርዳል፣ እታች ጨዉን ያሟሟውና በሌላ ቧንቧ ይወጣል።

ይመኙሻል፦ ታጥቦ ማለት ነው።

ሞላልኝ፦ ታጥቦ። ከዚያ በሰፊ ኩሬ ላይ ይሰጣል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ መጀመሪያ የሚዘቅጠው የወጥ ጨው ነው። የቀረውን ውሃ ወደ ሌላ ኩሬ እናሻግረዋለን፤ ፖታሹ እዚያ ይዘቅጣል። ግን እሱም ንጹሕ አይደለም። ወደ ፋብሪካ ገብቶ መለየት አለበት።

ይመኙሻል፦ ፋብሪካውስ?

ሞላልኝ፦ ይሠራል።

ይመኙሻል፦ በየፋሲካው ስትመጣ «ይሠራል» ነው የምትለኝ። አንድ ቀን እንኳ «ተሠራ» ብለህ አታውቅም።

ሞላልኝ፦ ለዚህ ነው እኔ በርሜል ውስጥ የሞከርኩት። የወጥ ጨው፣ ውሃው ቢፈላም ቢቀዘቅዝም፣ የሚሟሟው መጠን ያው ነው። ፖታሽ ግን ሲፈላ ብዙ ይሟሟል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃው ይለቀዋል። ትናንት በትልቁ በርሜል አፈላን፤ ያልሟሟው የወጥ ጨው እዚያው ቀረ፤ የጠራውን ወደዚህ ገለበጥን። በቀዘቀዘ ቁጥር ፖታሹ እየለቀቀ ይወርዳል፤ መራራው ጨው ከውሃው ጋር ይቀራል።

ይመኙሻል፦ እኔ ደግሞ እንዳይለቀው አልብሼ አሳደርኩት።

ሞላልኝ፦ ተይው አሁን።

ይመኙሻል፦ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዩሪያ አደረግሁለት። ዳፕ አደረግሁለት። አረምኩት፣ ውሃ አጠጣሁት። ይሄን ሁሉ በልቶ ጠርዙ እንደ እሳት የላሰው የሚደርቀው ምን ጎድሎበት ነው?

ሞላልኝ፦ ዩሪያው ቅጠል ያበዛለታል፤ ዳፑ ሥር ያበረታለታል። ቅጠሉ የሠራውን ምግብ ወደ ታች አውርዶ ድንቹን የሚሞላው ግን ፖታሹ ነው። ውሃውንም እሱ ነው የሚይዝለት። እሱ ካነሰ አገዳው ይልፈሰፈሳል፣ ውርጭ ቶሎ ይጥለዋል። የቅጠሉ ጠርዝ ደግሞ አስቀድሞ ይቃጠላል። አዲሱ ቅጠል ሲቸግረው ከአሮጌው ላይ ስለሚወስድ ነው።

ይመኙሻል፦ ከእናቱ ጉሮሮ?

ሞላልኝ፦ እንደዚያ በይው።

ይመኙሻል፦ ባለቤቴ በነበረ ጊዜስ? ያኔ ፖታሽ የሚባል ስሙንም አልሰማን። ድንቹ ግን የሕፃን ራስ ያህል ነበር።

ሞላልኝ፦ ያኔ በአፈሩ ውስጥ ነበረ። ከድንጋዩ ቀስ እያለ ይወጣል። እናንተ ግን በፍጥነት አወጣችሁት። ድንቹን ጭነሽ ገበያ ስትልኪ አብሮ ይሄዳል። ገለባውን ከብቱ ይበላዋል፤ እበቱን ኩበት ትጠፈጥፊዋለሽ፤ ኩበቱ ይነዳል። አመዱንስ?

ይመኙሻል፦ አመድ ምን ይደረጋል? መንገድ ዳር እደፋዋለሁ።

ሞላልኝ፦ አመዱ ውስጥ ነበር።

ይመኙሻል፦ አንተ ልጅ፣ ደግሞ በአመዴ መጣህብኝ!

ሞላልኝ፦ ያ አመድ መድፊያሽ ሥር ያለው ድንች ጠርዙ ለምን እንዳልተቃጠለ አስበሻል?

ይመኙሻል፦ የአጥሩን ጥላ ስለሚያገኝ ነው ብዬ።... ሠላሳ ዓመት ሙሉ መንገዱን ሳዳብር ኖሬያለሁ በለኝ። ታዲያ ምን ቸገረን? ዛሬውኑ አመዱን ልበትነዋ!

ሞላልኝ፦ መንገድ ዳር የደፋሽው በየክረምቱ ጎርፍ ሲወስደው ኖሯል። ቤት ያለው ደግሞ ሁለት መስመር ድንች አያለብስም። የቀረሽን ኩበት ትናንት ለበርሜሉ አነደድነው።

ይመኙሻል፦ ሁሉንም?

ሞላልኝ፦ ሁሉንም። አንቺው ነሽ «ጨምር፣ ጨምር» ስትይ ያመሸሽው።

ይመኙሻል፦ ለማዳበሪያ ብዬ ማገዶዬን፣ ለማገዶዬ ብዬ ማዳበሪያዬን። ጥሩ አድርገን ነው የምንኖረው። እሺ፣ ይሄ ባይበቃ ስትመለስ ሌላ ጆንያ ትልክልኛለህ። አቶ ዳምጠውን በዚያ አቆየዋለሁ።

ሞላልኝ፦ ...ስመለስ።

ይመኙሻል፦ መቼ ነው የምትመለስ?

ሞላልኝ፦ ፈቃዴ ሲያልቅ።

ይመኙሻል፦ ሞላ።

ሞላልኝ፦ አቤት።

ይመኙሻል፦ ለፈቃድ የመጣ ሰው ፍራሹን ጠቅልሎ አይመጣም። የብረት አልጋህን ከመኪናው ላይ ሲያወርዱ አይቻለሁ። ምጣድህን ሳይቀር ነው ያመጣኸው። ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ሞላልኝ፦ ነሐሴ ላይ ጎርፍ ገባ።

ይመኙሻል፦ በረሃ ውስጥ? ዝናብ የሌለበት አገር ነው አላልክም?

ሞላልኝ፦ እዚያማ ጠብ አላለም። የደጋው ዝናብ ነው በገደሉ ወርዶ የመጣው። ሌሊቱን በደረቅ ሰማይ ስር ተኝተን፣ ጠዋት ስንነሳ ኩሬዎቹ ቡና መስለዋል። ጭቃው ከጨዉ ጋር ተቦካ። ለወራት ደረጃ በደረጃ ያዘቀጥነው በአንድ ጠዋት ተደባለቀ።

ይመኙሻል፦ የእኛ ዝናብ?

ሞላልኝ፦ የእናንተ ባይሆን የዘመዶቻችሁ ነው።

ይመኙሻል፦ እኔ እኮ ሐምሌን ሙሉ ስለት ተስያለሁ፤ ዝናቡን አብዛልን ብዬ።

ሞላልኝ፦ ሰምቶሻል።

ይመኙሻል፦ አትቀልድብኝ።

ሞላልኝ፦ መቀለዴ አይደለም። ምን ልበልሽ? አጥር ሠርተን ነበር፤ አፈር ከምረን ነበር። ውሃው በላዩ ላይ ሄደበት። ከዚያ እስኪጣራ ሂዱ ተባልን። ሲጣራ እንጠራችኋለን አሉ። ጆንያውም ከተረፈው ዳርቻ በአካፋ ዛቅ ያደረግሁት ነው፤ ለከብት ይሆናል ብለው ነው የፈቀዱልን። ሌላ የለም፣ እትዬ። ያለው በዚህ በርሜል ውስጥ ያለው ነው።

ይመኙሻል፦ እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? ፀሐይዋ ያቻትና፣ የጋራውን ጫፍ ነካች። ውሃውን እንድፋውና ያለውን እንየው።

ሞላልኝ፦ በርሜሉን ቀስ ብለሽ አዘቅዝቂ። አታማስይው። ነጠላሽን ያዥልኝ፣ በእሱ ላይ ነው የማጠልለው።

ይመኙሻል፦ ነጠላዬንም ለዚሁ? ያዝ እንግዲህ።... አየሁት! ነጭ ነው፤ ሞላ፣ ታች ተጋግሯል!

ሞላልኝ፦ አይቻለሁ።

ይመኙሻል፦ እንደ ውርጭ ያበራል። እንዴት ያምራል! እሱ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ሞላልኝ፦ ምላስሽ ላይ ትንሽ አድርጊ።

ይመኙሻል፦ እፍ! ጨው ነው ብዬ ስጠብቅ ይነክሳል። ጉሮሮ ላይ ይመራል።

ሞላልኝ፦ እሱ ነው። ፖታሽ ነው።

ይመኙሻል፦ ተሳካልህ! እንዲህ ያለ ነገር ሠርተህ ነው ከጠዋት ጀምሮ እንደ ለቅሶ ቤት ፊትህን ያጠቆርክብኝ?

ሞላልኝ፦ ነጠላውን ጭመቂውና የድንቹ ሚዛን ላይ አድርጊው።

ይመኙሻል፦ ይኸው።

ሞላልኝ፦ አራት ኪሎ። ያውም ከእርጥበቱ ጋር።

ይመኙሻል፦ አራት ኪሎ ትንሽ ነው? አራት ኪሎ በርበሬ ስንት ቤት ያከርማል።

ሞላልኝ፦ ይህን ጥማድ መሬት ለማዳረስ ሃያ ስምንት ኪሎ ይፈልጋል። ማሳሽ ሠላሳ አምስት መስመር ነው። ይሄ አምስቱን ያዳርሳል።

ይመኙሻል፦ ይህንኑ ስስ አድርገን ብንበትነውስ? ለሁሉም ትንሽ ትንሽ።

ሞላልኝ፦ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ካደረግሽው ማንም አላገኘም።

ይመኙሻል፦ ጋቢዬን ባላለብሰው ኖሮስ? እውነቱን ንገረኝ። አታባብለኝ።

ሞላልኝ፦ ስድስት መስመር ያዳርስ ነበር። ቢበዛ ስምንት።

ይመኙሻል፦ ሠላሳ አምስት አይሆንም?

ሞላልኝ፦ ወንዙ ሙሉ በረዶ ቢሆንም አይሆንም። ጆንያው ውስጥ የነበረው ያን ያህል አይደለም። ይህን ማታም አውቅ ነበር።

ይመኙሻል፦ እያወቅህ ነው ኩበቴን ስታነድ ያመሸኸው?

ሞላልኝ፦ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቃተኝ። ፍራሼን ተሸክሜ መጥቼ ደግሞ ማሳሽ ሲወሰድ ቆሜ ልይ?

ይመኙሻል፦ ...ተነስ ከትናንቱ እሳት አመድ ላይ፤ ምን ያስቀምጥሃል? ልብስህ ተበላሸ።

ሞላልኝ፦ ሰዎቹ ከታች እየመጡ ነው። ፊት ፊት የሚሄደው ዳምጠው ነው።

ይመኙሻል፦ ሁለት ሽማግሌ ብሎ አራት ይዞ መጣ። እንዳላመልጠው ነው። ስማኝ፤ እንዲህ እለዋለሁ። ሠላሳውን ውሰድ፣ አምስቱን መስመር ተውልኝ እለዋለሁ። በቤቴ በኩል ያለውን ጫፍ።

ሞላልኝ፦ ይተውልሻል?

ይመኙሻል፦ ሽማግሌዎቹ ያስተዉታል። መበለት አምስት መስመር ድንች ለመነች ተብሎ እንዴት እንቢ ይላል? አንተ ደግሞ አራት ኪሎህን ለእነሱ ብቻ ታደርግልኛለህ። አምስቱ ካማረባቸው ዘር ይወጣቸዋል። ዘር ካለኝ ሰው ነኝ።

ሞላልኝ፦ እትዬ፣ አጠገባቸው ባሕር ዛፍ ነው የሚቆመው።

ይመኙሻል፦ አጥር አደርጋለሁ።

ሞላልኝ፦ ሥሩ በአጥር ይቆማል? ውሃውንም፣ የበተንነውንም በታች ሄዶ ይጠጣዋል።

ይመኙሻል፦ ሥሩ ምን ያህል ይሄዳል?

ሞላልኝ፦ ሲጎለምስ ዐሥር ሜትር አያንሰውም።

ይመኙሻል፦ አምስቱ መስመርስ ጎኑ ምን ያህል ነው?

ሞላልኝ፦ የአጥሩ በር ላይ ደርሰዋል እኮ፣ ግቡ በያቸው።

ይመኙሻል፦ ይቁሙ። ከመስቀል ጀምሮ ሲጠብቁ ከርመው አንድ አፍታ አይገድላቸውም። ያን የመለኪያ ሜትርህን ከኪስህ አውጣና ለካልኝ።

ሞላልኝ፦ ሦስት ሜትር ከሰባ አምስት።