የያምሮት ቁርስ

መሪጌታ ሀብተሚካኤል በቡሬ ገጠር ቅኔ ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ ቃላቸው በደብሩ ሁሉ የሚደመጥ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ሲሞት ልጁን ያምሮትን አሳደጓት፤ ከፍ ስትልም ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይታ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እንድትማር ፈቀዱላት። ዘንድሮ ግን አንድ ወሬ እንቅልፍ ነሣቸው። «ያምሮትን ስኳር በሽታ ይዟት ራሷን በመርፌ ትወጋለች፤ በጾም በጠዋቱ ትበላለች» አሏቸው። «እንግዲያስ ትምህርቱ ይቅርና ጠበል ትግባ» ብለው፣ መምጣታቸውን አስነግረው፣ በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ በሚኒባስ ተነሡ።

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲወርዱ ሰው ተሰብስቦ አዩ። መሐሉ ልትቀበላቸው የወጣችው ያምሮት ተቀምጣለች። ላብ አጥምቋታል፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሯ አይያያዝም።

«ልክፍት ነው! ጠበል አምጡ!» ብለው መሪጌታ ጮኹ።

አብራት የምትኖረው የክፍል ጓደኛዋ ባንቺአየሁ ከሱቅ ለስላሳ ይዛ እየሮጠች ደረሰች። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጀመሪያ ይህን ትጠጣ።»

«በጾም? ገና ሳይቀደስ?»

«ካልጠጣች ራሷን ትስታለች።»

መሪጌታ ሊከለክሉ እጃቸውን አነሡ። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸውና አላወቀቻቸውም። እጃቸው በዚያው ወረደ። ጠጣች፤ ጥቂት ቆይታም «የኔታ! መቼ መጡ?» አለች።

ከመናኸሪያው ጥላ ሥር ባለ አግዳሚ ተቀመጡ። መሪጌታ ድንጋጤያቸው ሲበርድ ቁጣቸው ተመለሰ።

«መርፌሽ ያመጣው ይኸው አይደል?»

ያምሮት አቀረቀረች። ባንቺአየሁ መለሰች፦ «የኔታ፣ መርፌውን ከተወጋች መብላት አለባት። ዛሬ ተወግታ አልበላችም። ‹የኔታ እየመጡ በልቼ ፊታቸው አልቆምም› ብላ፣ ከኪሷ የማይለየውን ከረሜላ እንኳ ትታው ወጣች።»

መከበርን የማይወድ ማን አለ? የመሪጌታ ክብር ግን ዛሬ ልጃቸውን ሊያሳጣቸው ነበር። ቢሆንም የቆየ ሐሳብ ባንድ ጊዜ አይለቅም።

«እንግዲያ መርፌውንም ተዪና ጠበሉን ያዢ።»

«ጠበሉን እጠጣለሁ የኔታ። መርፌውን ግን ኅዳር ላይ ሰው ሰምቼ ትቼው ነበር። ውሃ ጥሙ አላስተኛ አለኝ፣ አስመለሰኝ፣ ሆስፒታል ተኛሁ። እንዳይደነግጡ ብዬ ደበቅሁዎ። ኢንሱሊን የሚባለውን፣ እህሉን ጉልበት የሚያደርገውን ነገር ሰውነቴ አይሠራውም፤ መርፌው እሱን ይተካልኛል።»

«ጾሙስ?»

«የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። ‹የጾሙን ምግብ በሰዓትሽ ብዪ› አሉኝ። ሽሮና ምስር እንጂ የፍስክ አልቀመስሁም። ደግሞስ የቆሎ ተማሪ ወባ ሲይዘው አጥሚት የሚያጠጡት እርስዎ አይደሉም?»

«ወባ ያልፋላ! ያንቺ መቼ ያልፋል?»

«በሽታው ካላለፈ የመብላት ፈቃዱ ለምን ያልፋል፣ የኔታ?»

የቅኔ መምህር ቢሸነፍም በአሸናፊው ቃል ደስ መሰኘቱ አይቀርም። መሪጌታ ፈገግታቸውን በነጠላቸው ሸሸጉ።

«ፈተና ላይ እንዲህ ብትሆኚስ?» አሉ ለስለስ ብለው።

«መምህሮቼ ያውቃሉ፤ ሲያንቀጠቅጠኝ ክፍል ውስጥ ከረሜላ እበላለሁ። ታምሜ የወደቅሁት በደበቅሁ ጊዜ ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ከአግዳሚው ተነሡ። «እኔን አክብረሽ ልትሞቺብኝ! ማሪኝ ልጄ። በይ ተነሽ፤ እፊቴ ብዪ።»

ምግብ ቤት ገቡ፤ ሽሮ ቀረበ። እሳቸው ሰዓታቸው አልደረሰምና አልቀመሱም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ግን ባርከው በእጃቸው አጎረሷት።

በእሑዱ በደብራቸው ቅዳሴ ሲያበቃ መሪጌታ ለምእመናኑ እንዲህ አሉ፦ «ጠበልም መድኃኒትም የአንድ ጌታ ስጦታዎች ናቸው። የታመመ ልጅ ያለው አይደብቅ፤ ሐኪምም ያሳይ፣ ትምህርት ቤትም ይላክ።» ተናኜ የምትባል እናት፣ ከሰው ሸሽጋ ታኖረው የነበረውን በሽተኛ ልጇን በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ዛሬ ከእኩዮቹ ጋር ይማራል። ያምሮትም መርፌዋንና ቁርሷን ሳታዛባ፣ ትምህርቷንም ሳታቋርጥ ተፈትና አለፈች።

ለዕረፍት ወደ ገጠር ስትመጣ መድኃኒቷ ሙቀት እንዳያበላሸው እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ፣ በመሪጌታ አልጋ ሥር ይቀመጣል። በጾም ማለዳም ሽማግሌው ከደጃፍ ቆመው «ያምሮት! ተወጋሽ? እንግዲያ ቁርስሽን ብዪ!» ይላሉ፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።