ራሱን የቻለው መኪና

ሰው ሁሉ ራሱን መቻል አለበት ብዬ ከልቤ የማምን ሰው ነኝ። ይህንኑ እምነቴን ይዤ፣ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከደብረ ማርቆስ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ወረድኩ። ሥራዬ የእርዳታ ስንዴ የሚያገኙትን ሰዎች ዝርዝር ማጥራት ነበር። ለተሰበሰበው ሕዝብ ስለ ጥገኝነት ጉዳት ሰፋ አድርጌ አስተማርኩና የእማሆይ ጥሩዬን ስም ሰረዝኩ። ጧሪ የሌላቸው አሮጊት ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት ዶሮ አላቸው ተብሏል። «እማሆይ፣ ከእንግዲህ ራስዎን መቻል አለብዎት» አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። «አይ ልጄ፣ ራሴንማ መቻል መች አቃተኝ? ይኸው አንገቴ ላይ ነው። ያልቻልኩትስ ጉልበቴን ነው!» ሕዝቡ ሳቀ። እኔ ስብሰባ ላይ ስለማልስቅ አልሳቅሁም።

ከሾፌሩ ጋር ስንመለስ መኪናው ከእማሆይ ደጃፍ ፊት ለፊት ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። የቀበሌው ጎልማሶች ሊገፉልን ሲሮጡ እማሆይ ምርኩዛቸውን አነሡ። «ተዉት እናንተ! ጥገኝነት ታስለምዱታላችሁ!» ሰዎቹ እውነትም ቆሙ። ሾፌሩ እኔን አየኝ፤ እኔ ጭቃውን አየሁ። ዝናቡም እየመጣ ነበር። ዝርዝሩን አወጣሁና ጮክ ብዬ እያነበብኩ የእማሆይን ስም መልሼ ጻፍኩት፤ ከጎኑም «ራስ አለ፤ ጉልበት የለም» የሚል ማስታወሻ አሰፈርኩ። እማሆይ ምርኩዛቸውን ዝቅ አደረጉ። በእምነቴ ግን ዛሬም እንደጸናሁ ነኝ፤ መኪናውም በአሥራ ሁለት ሰው ጉልበት ራሱን ችሎ ወጣ።