ሽማግሌ ለማስፈታት ሽማግሌ

ናይሮቢ፣ ከኢስትሊ ሰፈር ወደ መሀል ከተማ በሚሄድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት አጠገባቸው ያለችውን ወጣት በአማርኛ፣ በሹክሹክታ ያወሯታል።

«አገር ቤት እያለሁ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልናጭ ሽማግሌ ላክን። መሰብሰብ የሚከለክለው አዋጅ ያኔ ገና መውጣቱ ነበር።»

«ሽምግልናም ስብሰባ ነው እንዴ ጋሼ?»

«ፖሊሱ ስብሰባ ነው ብሎ ሦስቱንም ከልጅቷ አባት ደጅ ለቅሞ ወሰዳቸው።»

«ታዲያ እንዴት አስፈታችኋቸው?»

«በደንባችን ነዋ። ሌሎች ሽማግሌዎች ላክን።»

«ወደ ፖሊስ ጣቢያ?»

«አዎ። ያለፈቃድ ተሰበሰባችሁ ተባሉና እነሱም ገቡ።»

ወጣቷ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ጋብቻውስ ቀረ?»

«ምን ይቀራል። የልጅቷ አባት ስንቅ ይዞ ሄደና እዚያው እስር ቤት በራፍ ላይ ልጄን ሰጥቻለሁ አላቸው። ስብሰባ እንዳይባልበት ብቻውን ነው የሄደው።»

«እሱስ ብልጥ ነው። ግን እርስዎ እዚህ ናይሮቢ ለምን በሹክሹክታ ያወራሉ? ይኼን የመኪናውን ሬዲዮ አይሰሙም? ሰውየው ደውሎ መንግሥትን እንደዚያ ሲያብጠለጥል ሾፌሩ እንኳ እየሳቀ ነው።»

«እሱ የሚናገረው በስዋሂሊ ነው።»

«እኛ በአማርኛ አይደል እንዴ? እዚህ ማን ይሰማናል?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ ልጄ። እዚህ እኛን የሚሰማ ካለ የአገራችን ሰው ነው።»

በዚህ መሀል ስልኬ ጠራና እናቴ ከአዲስ አበባ መደወሏን ሳይ ድምፁን አጥፍቼ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየቴን ቀጠልኩ።