ነሐሴ የሚሸፍነው ድንጋይ

መምህርት ጽጌማርያም ወልደሰንበትን የበደሏቸው አበልጃቸው መምህር መኳንንት ናቸው። ዜና ሕይወት ከልደት እንደሚጀምር አይጠፋንም፤ ነገር ግን ሟቿ በአልጋቸው ሳሉ «መጀመሪያ ይህን አንብቡልኝ፣ ልደቴ የትም አይሄድም» ብለው ስላዘዙ፣ የሙት ቃልም ስለማይታጠፍ፣ እነሆ ተነበበ።

መምህርት ጽጌማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩብርሃን በሰላሌ አውራጃ በ1927 ዓ.ም. ተወለዱ። ልጅ በሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ መቀመጥ ሲገባው፣ እርሳቸው ጉንዳኑንም እንግዳውንም አፍጥጠው የሚያዩ ስለነበሩ «ይህች ልጅ ዓይኗ አያርፍም» እየተባሉ በቁጣ አደጉ፤ ያ የተቆጡበት ዓይን ግን ኋላ እንጀራቸው ሆነ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ኮልፌ የሳይንስ መምህርት ሆኑ፤ አቶ ሀብተሥላሴን አግብተውም ተክለማርያምን ወለዱ። ልጁን ክርስትና ያነሱት፣ በዚያው ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩትና ከማዕዳቸው የማይለዩት መምህር መኳንንት ነበሩ።

አንድ ቀን ደሜ የተባለ ተማሪ «ቲቸር፣ እንቁራሪት ከዝናብ ጋር ከሰማይ ትወርዳለች» ቢላቸው፣ «ስትወርድ አየሃት ወይስ ሰማህ?» አሉት። «ሰማሁ» ሲል ክፍሉ አወካ፤ እርሳቸው ግን ሳይስቁ «የሰማኸውን አትጣለው፤ ሳታየው ግን አትማልበት» ብለው ሁሉንም አስከትለው ከቀራንዮ በታች ወዳለው ወንዝ ወረዱ። በበልጉ ወራት ከወንዙ መካከል ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ፣ ዕንቁላሉ ጭራ ሲያወጣ፣ እግር በቅሎ ጭራው ሲጠፋ በጠርሙስ ውስጥ እያዩ ተማሩ። ደሜም በመጨረሻ «ለካ ከሰማይ አይደለችም ቲቸር፣ የሰፈራችን ልጅ ናት!» አለ። ክረምቱ ሲከብድ ድንጋዩ በደራሽ ውኃ ተውጦ እስከ መስቀል እንደማይታይ ልብ ያሉትም ያኔ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ቀበሌው ሕዝቡን አዳራሽ በሰበሰበበት ቀን መምህር መኳንንት ብድግ ብለው «ባለፈው ነሐሴ ጽጌማርያም ወንዝ መካከል ድንጋዩ ላይ ልጆች ሰብስባ የፀረ አብዮት ወረቀት ስታድል፣ የተረፈውንም ከድንጋዩ ሥር ስትደብቅ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ብለው መሰከሩ። በዚያ ወንዝ ልብስ የሚያጥበው፣ ከብት የሚያጠጣው ሰው ሁሉ አዳራሹን ሞልቶ ነበር፤ በነሐሴ ያን ድንጋይ በሬ የሚወስድ ጎርፍ እንደሚሸፍነው የማያውቅ አንድም አልነበረም፤ አንድም አልተነፈሰም። ተማሪያቸው ሰዓዳ ብቻ እጇን ልታነሣ ስትል፣ እናቷ ክንዷን ጎትተው «ተቀመጪ! ልታስበዪን ነው?» አሏት። በዚያ የነበራችሁ አይታችኋል፤ ያልነበራችሁም ሰምታችኋል።

መምህርት ጽጌማርያም ታሰሩ፤ መምህር መኳንንትም ብዙ ሳይቆዩ ርዕሰ መምህር ሆኑ። ሟቿ ከዓመታት በኋላ ሲፈቱ የማስተማር ሥራቸው ስላልተመለሰላቸው የጎረቤት ልጆችን በግቢያቸው እያስጠኑ ኖሩ። ስለ እስራቸው ሲጠየቁ «እስሩስ የመንግሥት ነው፤ እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ሊዋሽብኝ ሲነሣ እንኳ ወርዶ ወንዙን አላየም! ስንት ዓመት አብሮኝ አስተምሮ!» ይሉ ነበር፤ ከዚያ በቀር የመምህር መኳንንትን ስም አያነሡም።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ፣ ባለፈው ነሐሴ ሽማግሌዎች መምህር መኳንንትን ይዘው መጡ። በዳዩም እንደ ወጉ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ከደጃፍ ተደፍተው «ዘመኑ ነው አበልጅ፣ ዘመኑ ነው ያሳሳተኝ፤ ስለ መድኃኔዓለም ብለው ይማሩኝ» አሉ። መልስ ተሰጣቸው፤ መልሱን ይዘው እንደወጡ ግን እስከ ዛሬ ተመልሰው አልመጡም። በር በተንኳኳ ቁጥር «እሳቸው ናቸው?» እያሉ ሲጠይቁ የሰነበቱት መምህርት ጽጌማርያም፣ መስከረም 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ዐረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ሀብተሥላሴ፣ ልጃቸው ተክለማርያምና ማየትን ያስተማሯቸው ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። የተሰወረውን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ ዕቅፍ ያኑርልን፤ ለቀረነውም ዓይን፣ ካየንም አንደበት ይስጠን።

መስቀል ገና አልደረሰምና ድንጋዩ ዛሬም ከውኃ በታች ነው። ለመምህር መኳንንት የተሰጠው መልስ፣ በዚህ ድንኳን የተቀመጡት ሽማግሌዎች እንደሚመሰክሩት፣ ቃል በቃል ይህ ነበር፦

«አበልጅ፣ ይቅርታው አይቸግርም። ይህንን ድንጋይ ያውርዱትና ያንኛውን አይተው ይምጡ፤ ነሐሴ ነው።»