ከቀኝ የሚገለጠው ደብተር

ሽማግሌው ጠራዥ ሐሙስ ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤቱ ጓሮ የሄዱት ለመጽሐፍ ሽፋን የሚሆን ካርቶን ሊገዙ ነበር፤ ያገኙት ግን የእህታቸውን የልጅ ልጅ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቤተሰቡ ሁሉ «ጥድፊያ» እያለ የሚጠራት፣ ሃያ ዓመት የሞላት የኮሌጅ ተማሪ ናት። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሠራተኞቹ የጣሉትን ብጣሽ ወረቀት እየመረጠች በጆንያ ትከታለች። የጠራዡ ቆሽት አረረ። የቤታቸው ልጅ፣ ያውም የተማረችው፣ በሰው ጓሮ ቆሻሻ ትለቅማለች።

«ምን ጎድሎሽ ነው?» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድሙ።

«ደህና አደሩ አባባ? ምንም አልጎደለኝም። ወረቀቱን አስፈቅደን ነው፤ ደብተር እንሠራበታለን።»

«እናንተ እነማን ናችሁ?»

«አሥራ አንድ ነን። ከአንድ ፀጉር አስተካካይ በቀር ሁላችንም ተማሪዎች ነን። ግማሹን ደብተር ፌርማታው ጋ እንሸጣለን፤ ግማሹን ባሕር ማዶ ላለ አንድ ትምህርት ቤት እንልካለን። የሽያጩ ገንዘብ ደግሞ እዚያው ለከሰዓቱ ክፍል አስተማሪ ደመወዝ ይሆናል።»

ጠራዡ ወሬውን ቀደም ብለው ሰምተውታል፤ ለእናቷም «ልጅሽ ልመና ጀመረች» ብለው ነግረዋታል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በላባቸው የኖሩ ናቸውና እጅ መዘርጋትን ከሌብነት ብዙም አርቀው አያዩትም። እንዲህ ያለው ኩራት የሚመሰገን ጎን አለው፤ መጥፎነቱ ባለቤቱን ጆሮ መንሳቱ ነው።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው። «ኮሌጅ የገባሽው ራስሽን እንድትችዪ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ስጡኝ ማለት የኛ ቤት ልማድ አይደለም።»

«ስጡኝ አንልም አባባ። ሰው ገንዘቡን ይከፍላል፣ ደብተሩን ይወስዳል። እርስዎስ መጽሐፍ ጠርዘው ሲያስረክቡ ዋጋዎን መቀበልዎ ልመና ነው?»

«እኔን ከናንተ ጋር አታወዳድሪኝ። እኔ ለልጆቼ ጉሮሮ ብዬ ነው።»

«እኛም ለልጆች ብለን ነው።»

«ለማን ልጆች? ስማቸውን ለማታውቂው፣ ቋንቋቸውን ለማትሰሚው? እዚህ ሰፈራችን ውስጥ ደብተር ያጣ ልጅ ጠፍቶ ነው ባሕር የምትሻገሪው?»

ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። ጥድፊያም ስሟን በሚያስረሳ እርጋታ መለሰች።

«አልጠፋም። ረቡዕ ረቡዕ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ትንንሾቹን የምናስጠናው ለዚህ ነው። ለሩቅ የሚሠራ ሰው ለቅርቡም እጁ አያጥርም አባባ፤ እኛ ራሳችን ያየነው ነው። እነዚያ ልጆች ግን እስከ እኩለ ቀን ጡብ ይሸከማሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀበላቸው አንድ ክፍል ብቻ ነው። አስተማሪዋ ደመወዝ አጥታ ከሄደች ክፍሉ ይዘጋል፤ ልጆቹም ቀኑን ሙሉ ጡብ ሲሸከሙ ሊውሉ ነው።»

«ይህን ማን ነገረሽ? መሐል ላይ አንዱ ቢበላውስ?»

ልጅቱ ስልኳን አውጥታ አስተማሪዋ የላከችላቸውን ፎቶግራፍ አሳየቻቸው። እሷና ጓደኞቿ ይህን ፎቶ ለገዢ ሁሉ በኩራት ሲያሳዩ ነው የከረሙት። በጠባብ ክፍል ውስጥ ልጆች ተደርድረው፣ የተላከላቸው ደብተር ላይ አቀርቅረው ይጽፋሉ። ጠራዡ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አተኩረው አዩ።

«ይህን ደብተር የጠረዘው ማነው?»

«እኛ ነን። ምነው፣ ስፌቱ ተበላሸ?»

«ስፌቱስ ደህና ነው። የፊት ሽፋኑ የት አለ? ተመልከቺ፣ ሁሉም ደብተሩን ገልብጠው ከኋላው ነው የከፈቱት። ልጆቹ የሚጽፉት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እናንተ መጀመሪያ ያላችሁት ለነሱ መጨረሻ ነው። ቀዩ ህዳግም ያለ ቦታው ነው የተሰመረው። ይቺን ልጅ እያት፣ በወዲያ በኩል በእርሳስ የራሷን ህዳግ አስምራለች።»

ጥድፊያ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሃምሳ ጊዜ ያየችው ፎቶ ነው፤ ይህን ግን አላየችም።

«አስተማሪዋ እኮ አመሰገነችን እንጂ ምንም አላለችም» አለች ቀስ ብላ።

«ስጦታ የተቀበለ ሰው ጉድለቱን አፍ አውጥቶ አይናገርም። ቀድሞ መጠየቅ የናንተ ፈንታ ነበር።»

«ልክ ነዎት፤ ጥፋቱ የኛ ነው።» ጆንያውን አስቀመጠችው። «እናስተካክለው ብንል እንኳ ቦታ የለንም። የምንሠራበትን አዳራሽ ባለቤቱ ፈለገው፤ ዕቃው የሚጫነው ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነው። እርስዎ ጋ መጥቼ እንዳልጠይቅ፣ ልመና ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አሁን «አላልኩሽም?» ብሎ ጢሙን እየጠቀለለ ይሄድ ነበር። ጠራዡ ግን ከወረቀቱ ክምር ላይ ቁጭ አሉ።

«ጠራዥ ቤት የገባሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው» አሉ። «ፊደል አልቆጠርኩም። አንድ ቀን ለአንድ ዳኛ ወፍራም መጽሐፍ ጠርዤ አስረከብኩ። ስፌቱ ያማረ ነበር። ለካስ ውስጡን ዘቅዝቄ ነው የሰፋሁት። ዳኛው ሰው ፊት ገልጦ ሳቀ፤ አሠሪዬ በጥፊ መታኝ። ጥፊው ወዲያው ለቀቀኝ፤ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ አለ። ማንበብ የቻልኩት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ፣ ለብቻዬ ታግዬ ነው። እስከዚያ ድረስ የምጠርዘው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

ይህን ለሚስታቸውም ቢሆን ነግረው አያውቁም።

«አንድ ሰው ‹ና ተቀመጥ፣ ይኸውልህ ደብተር› ቢለኝ አሥራ ሦስት ዓመት ይተርፈኝ ነበር። የጎረቤት ሰው ይሁን የባሕር ማዶ፣ ከየት መጣህ ብዬ የምጠይቀው ይመስልሻል?» ብድግ ብለው ጆንያውን ጨበጡ። «እሁድ በጠዋት ሁላችሁም ሥራ ቤቴ ኑ። መቁረጫውን የምነካው ግን እኔ ብቻ ነኝ።»

መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ለአስተማሪዋ ጽፈው ጠየቋት፤ እሷም ጠያቂ በማግኘቷ ደስ ብሏት ሁለት ገጽ ሙሉ መለሰች። ጠራዡ የተሰፋው ጀርባው በቀኝ የሆነ ደብተር ለናሙና ሠርተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ፤ አንዱ ሙጫ ያበዛል፣ አንዷ ክር ታላላለች፣ ሽማግሌው እየዞሩ ይቆጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ከቁጣ ተረፈ፤ እጁ ቀጥ ያለ ነው። የዛሬ ወጣት እሁዱን ተኝቶ ያሳልፋል እያሉ የሚያሙ ሁሉ ያን ቀን በመስኮት ቢያዩ ምላሳቸውን ይሰበስቡ ነበር። በአሥረኛው ቀን ደብተሩ በሣጥን ታሽጎ ተጫነ።

በተከታዩ ቅዳሜ ጠራዡ ራሳቸው ፌርማታው ጋ ከወጣቶቹ ጠረጴዛ ኋላ ቆሙ። የድሮ ወዳጃቸው ሰዓት ሠሪው አያቸውና ገንዘብ ጣል አድርጎ፣ ደብተር ሳይነካ ሊያልፍ ሲል እጅጌውን ያዙት።

«ደብተርህን ውሰድ።»

«ተወው ባክህ። በስተርጅና ልመና ትገባለህ ብዬ አላሰብኩም።»

«ልመና እኮ አይደለም፤ ሥራ ነው። እኔም እንዳንተ እል ነበር። ይቃጠል የነበረው ወረቀት ደብተር ሆነ። እነዚህ ልጆች አንድ ሙያ ለመዱ፤ ሁለቱን ደመወዝ ከፍዬ ላሠራቸው ነው። እዚያ ደግሞ ሠላሳ አራት ልጆች እስከ እኩለ ቀን ጡብ ተሸክመው ሲያበቁ የሚቀመጡበት ክፍል አላቸው፤ አስተማሪያቸውም አልሄደችም። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከመጠረዝ በፊት መጠየቅን ተማርኩ። ታዲያ ለማኙ የቱ ነው?»

ሰዓት ሠሪው ደብተሩን ወስዶ በብብቱ ሥር ወሸቀው። ጥቂት ሄደና ተመለሰ።

«እኩለ ቀን ላይ ነው ሥራ የሚለቁት አልክ። ክፍሉ ውስጥ የግድግዳ ሰዓት አላቸው?»

ጠራዡ ወደ ጥድፊያ ዞሩ፤ እሷም አላወቀችም።

«አላውቅም» አሉት። «አትላክ ገና። እንጠይቃቸዋለን።»