እጄ ስፌት ላይ፣ ልቤ ሌላ ቦታ

በእኛ ዘመን፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ልብ ማረፊያ አልነበረውም ልጆቼ። ባለቤቴ ተሰማ ሰሜን ጦር ሜዳ ሄዷል፣ እኔ ደግሞ እዚሁ ኮልፌ፣ የልብስ ስፌት ማህበር ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ታዲያ እጄ ይሰፋል፣ ልቤ ግን የለም! ልቤ ምሽግ ውስጥ ነው። አንዴ ተመትቶ አየዋለሁ፣ አንዴ ውሃ ጠምቶት አየዋለሁ፣ እና ምን ልበላችሁ፣ አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ ጣቴን በሳው፣ ከነጥፍሬ! እኔ እኮ ደሙ ጨርቁ ላይ ሲፈስ እስካይ ድረስ አላወቅኩም።

ታዲያ አጠገቤ የምትሰፋ አስካለ የምትባል የጎጃም ሴት ነበረች፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ጣቴን በቁራጭ ጨርቅ እያሰረች፣ «አንቺ፣ የት ሄደሽ ነው?» አለችኝ።

«ሰሜን፣ እትዬ።»

«ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታዪው?»

«ኧረ አንዳንዴ ሠርጋችንንም አያለሁ።»

«ከሠርጉ ስትመለሺስ ደስ ይልሻል?»

እውነቷን ነው እናንተዬ! ከሠርጌ ስመለስ እንዲያውም ሆዴ ይብስ ይባባ ነበር።

«በይ ስሚኝ» አለች፣ እንዲህ ድምጿን ወፈር አድርጋ፣ «ልብሽ መሄዱ አይቀርም፣ አትቆጪው። መሄዱን ያወቅሽ ጊዜ ግን ቀስ ብለሽ መልሺው። የመኪናውን ድምፅ ስሚ፣ ጨርቁን በጣትሽ ዳስሺው፣ ትንፋሽሽን አዳምጪ።»

«እና ተሰማን ልርሳው?»

«ማን እርሺው አለሽ! ስትጸልዪ አስቢው። ስትሰፊ ስፊ።»

መጀመሪያ ሳቅኩባት። ኋላ ግን ሞከርኩት። በቀን መቶ ጊዜ ይሄድብኛል፣ መቶ ጊዜ እመልሰዋለሁ፣ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። ናፍቆቱ አልጠፋም፣ አልዋሽም፤ ግን እህል ይበላልኝ ጀመር፣ ጎረቤት ስታጫውተኝ መስማት ጀመርኩ፣ እና ቀራንዮ መድኃኔዓለም ስሄድም ቅዳሴውን ከነዜማው ሰማሁት። ከዚያ በፊት እኮ ቆሜ ብቻ ነበር የምመለሰው!

ተሰማ በሁለተኛው ዓመት መጣ። እያነከሰ፣ ግን በእግሩ መጣ። እኔም አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ እያለቀስኩ፣ «በሐሳቤ ስንት ጊዜ ቀበርኩህ መሰለህ!» አልኩት። ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ቀብሬ ላይ ሰው በዝቶ ነበር?»

ሃ ሃ ሃ! ያን ሁሉ ለቅሶ ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት፣ ልጆቼ። እሱ እንደሆነ አንዴም አልሞተም።